ኮማና ነጠላ ሰረዝ ለኮምፒውተር አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ፓይተን (Python) የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። እናቴ ሱቅ አላት። ያለቀውን ዕቃ እሷና ወንድሜ በስልክ ጽፈው ይልኩልኛል፤ እኔ ደግሞ የላኩትን በኮማ እየቆረጠ ሊስት (ዝርዝር) የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። የወንድሜ በደንብ ይሠራል። የእናቴ ግን አምስቱም ዕቃ ተጣብቆ እንደ አንድ ይወጣል። ስህተት አለ እንኳ አይለኝም። ምን ነክቶት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮድሽ ምንም አልሆነም፣ እናትሽም አልተሳሳቱም። እሳቸው በአማርኛ ኪቦርድ ስለሚጽፉ ነጠላ ሰረዝ (፣) ነው የሚያስገቡት፣ ወንድምሽ ደግሞ የፈረንጁን ኮማ (,)። ለእኛ ሁለቱም ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን የኮማ ቁጥር 44 ነው፣ የነጠላ ሰረዝ ደግሞ 4963፤ ለኮምፒውተሩ ከ«ሀ» እና ከ«መ» የበለጠ ዝምድና የላቸውም። ጽሑፉን የሚቆርጥልሽ ስፕሊት (split) የሰጠሽውን ምልክት ብቻ ይፈልጋል፣ ካጣው ሙሉውን ጽሑፍ እንዳለ አንድ ነገር ብቻ ባለበት ሊስት አድርጎ ይመልስልሻል። ለእሱ ይህ ስህተት ስላልሆነ ነው ዝም ያለሽ።

እናትሽን «ኮማ ተጠቀሚ» እያልሽ እንዳታስቸግሪያቸው፣ ኮዱ ይልመድ እንጂ። ከመቁረጥሽ በፊት በሪፕሌስ (replace) ነጠላ ሰረዙን ወደ ኮማ ቀይሪው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች፦ ሪፕሌስ የድሮውን ጽሑፍ አይነካም፣ አዲስ ነው የሚሰጥሽ፤ ውጤቱን በስም ካልያዝሽው እንዳልሠራሽው ቁጠሪው። ምልክቱ ከበዛ አርኢ (re) የሚባለው ሞጁል (ከፓይተን ጋር የሚመጣ ተጨማሪ የኮድ ጥቅል) የራሱ ስፕሊት አለው፣ [,፣፥፤] ብለሽ ብትሰጪው ከአራቱ ያገኘው ላይ ሁሉ ይቆርጥልሻል። ሁለት ነጥብን (፡) ግን አትጨምሪበት። እንደ ድሮው በየቃሉ መሃል የሚያስገቡት ሰዎች አሁንም አሉ፣ «የምግብ፡ዘይት» ለሁለት ተቆርጦ ይቀርሻል።

ቀጥሎ ክፍት ቦታው ነው። «ስኳር፣ ሽሮ» ሲቆረጥ ሁለተኛው ' ሽሮ' ሆኖ ይወጣል፣ ፊቱ ላይ ክፍት ቦታ አለ። በዓይን አይታይሽም፣ ግን ከዕቃ ዝርዝርሽ ውስጥ 'ሽሮ'ን ስትፈልጊ «የለም» ይልሻል። እያንዳንዱን ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ በሚያነሣው በስትሪፕ (strip) አጽጂ።

ባዶዎቹም አሉልሽ። «ስኳር,,ዘይት,» ስትቆርጪ ['ስኳር', '', 'ዘይት', ''] ታገኛለሽ። የዕቃ ስም ብቻ ከሆነ ባዶውን ጣይው (ከስትሪፕ በኋላ ይሁን፣ ክፍት ቦታ ብቻ ያለበት ባዶ አይባልምና)። ነገ ግን መስመሩን «ስም, ብዛት, ዋጋ» ካደረግሽው እንዳትነኪው! «ስኳር,,95» ማለት ብዛቱ አልተጻፈም፣ ዋጋው 95 ብር ነው ማለት ነው። መሃሉን ከጣልሽው 95 ወደ ብዛት ይሸሻል፣ እናትሽም ሳያዙት 95 ኪሎ ስኳር ይመጣላቸዋል።

ዋጋው ሺህ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዴ «1,250» ብለው የጻፉልኝን በኮማ ቆርጬ 1 ብር እና 250 የሚባል ዕቃ አግኝቼ ግማሽ ቀን ስፈልግ ውያለሁ። ከኤክሴል የወጣ የሲኤስቪ (CSV፣ በኮማ የተለየ ሠንጠረዥ) ፋይል እንዲህ ያለውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስፕሊት ግን ለጥቅስ ደንታ የለውም። ለፋይል የፓይተንን የሲኤስቪ ሞጁል ተጠቀሚ፣ ጥቅሱን እሱ ያውቅበታል። በስልክ ለሚላክልሽ የዕቃ ስም ግን የላይኛው ይበቃሻል።

አሁንም አልቆረጥ ካለሽ በግምት አትድከሚ፦ ከእናትሽ መልእክት ላይ ምልክቱን ብቻ ኮፒ አድርገሽ ቁጥሩን ለሚነግርሽ ለኦርድ (ord) ስጪው። 44 ካለሽ ኮማ ነው፣ 4963 ካለሽ ነጠላ ሰረዝ፣ 4961 ካለሽ ደግሞ እናትሽ ሁለት ነጥብ ነው የሚጠቀሙት፤ ያኔ እንደገና ጻፊልኝ።