«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ሲሉሽ

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ትውልዴ መሐል ሜዳ ነው። ባለፈው ዓመት በስታቲስቲክስ ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በቤይዥያን ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው፤ ቀድሞ የታወቀን ነገር ከአዲስ ዳታ ጋር አዋህዶ ዕድልን የሚያሰላ ዘዴ ነው። ሁለት ቦታ ለዳታ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ሁለቱም ቦታ ‹ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?› ሲሉኝ ቀመሩን ማብራራት ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም። ጓደኞቼ ይህን ትተሽ ማሽን ለርኒንግ ተማሪ ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ጓደኞችሽ ክፉ አልመከሩሽም፤ ችግርሽ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። «ምን ይጠቅማል?» ላለ ሰው ቀመር መልስ አይሆነውም። ዘዴው በስሙ ስለተጠራለት ስለ ቶማስ ቤይስና ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 ስለታተመለት ጽሑፍ እንድትተርኪለትም አይፈልግም። ጠያቂው በየቀኑ የሚያስጨንቀው ውሳኔ አለው፦ ይህን በሽተኛ በምን ልከም? ለዚህ ቡድን ብድር ልልቀቅ? ከዚህ መንጋ የትኛውን ጠቦት ለዘር ላስቀር? መልስሽ ከዚያ ውሳኔ ይነሳ፤ ከውሳኔው ወደ ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ወደ ዘዴው ሂጂ። እስካሁን የሄድሽው ከኋላ ወደ ፊት ነው።

የጠየቀሽ የጤና መሥሪያ ቤት ከሆነ ከራሳችሁ ዞን ወባን አንሺ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይነሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አሁን አንድ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ወባ ካለባቸው 100 ሰዎች 95ቱን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 95ቱን ነጻ ይላል እንበል። ሸዋ ሮቢት ላይ ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1,000 ሰዎች 200ዎቹ ወባ ካለባቸው፣ መመርመሪያው 190ውን ይይዛል፤ ከቀሩት 800 ደግሞ 40ውን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። ፖዘቲቭ ከወጡት 230 ሰዎች 83 በመቶው በእርግጥ ወባ አለባቸው ማለት ነው። ያንኑ ኪት ደብረ ብርሃን ውሰጂውና ከ1,000 ባለ ትኩሳት 5ቱ ብቻ ወባ አለባቸው በይ። አምስቱም ቢያዙ፣ ወባ ከሌለባቸው ከ995ቱ 50 ያህሉ አብረው ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ከ55 ፖዘቲቭ 5 ብቻ፤ 9 በመቶ ገደማ።

ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ወሰድናቸው፤ ሥራ ስትገቢ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ታወጫቸዋለሽ። ነገሩ ግን ለማንም የሚገባ ነው። የጤና ባለሙያው «ሰሞኑን ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ፕራየሩን እያስተካከለ ነው። ማሾ ሊሰበስብ ሸዋ ሮቢት ሰንብቶ የመጣ የደብረ ብርሃን ሰው ስሌቱ ከሸዋ ሮቢቶቹ ጋር እንጂ ከጎረቤቶቹ ጋር አይደለም። «ፕራየር ማለት ምርመራው ሳይታይ አስቀድሞ የምናውቀው ነው» ብለሽ በዚህ ምሳሌ ብትዘጊው፣ ቀመሩን ሳትጽፊ ቤይስን አስረዳሽ።

እዚያው ላይ ግን ሁለት ነገር ጨምሪ። አንደኛ፣ 9 በመቶ ማለት «መድኃኒት አይሰጠው» ማለት አይደለም። ያልታከመ ወባ ይገድላል፤ ስለዚህ ውሳኔው ይሆናልነቱን ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን ዋጋም ያያል። ደጋ ላይ የወጣ ፖዘቲቭ የሚያስገድደው በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥንና ተስቦን የመሰለ ሌላ የትኩሳት መንስኤ መፈለግን ነው። ሁለተኛ፣ 95 በመቶው ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። በብዛት የሚሠራባቸው መመርመሪያዎች የሚፈልጉት የተሐዋሲውን ፕሮቲን ስለሆነ፣ ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊሉ ይችላሉ። ይህን የምታነሳ የስታቲስቲክስ ምሩቅ የምትሠራበትን ዳታ እንደምታውቀው ወዲያው ታሳያለች።

ባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋም ከሆነ ምሳሌሽ ይቀየር። አንድ ቀበሌ ላይ ከ12 ተበዳሪዎች 3ቱ አልከፈሉም እንበል፤ 25 በመቶ። ሌላው ላይ ከ400ው 32ቱ፤ 8 በመቶ። ሪፖርቱን በመቶኛ ብቻ ያየ ኃላፊ የመጀመሪያውን ቀበሌ ሊዘጋው ይችላል። ተቋሙ ለዓመታት ሳይመለስለት የሚቀረው ብድር 8 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ ይህን ልምድ እንደ 50 ተበዳሪ ምስክርነት ቁጠሪው፦ 4 ያልከፈሉ፣ 46 የከፈሉ። በትንሹ ቀበሌ ላይ ስትደምሪው 7 ከ62፣ 11 በመቶ ገደማ ይመጣል። በትልቁ ላይ 36 ከ450፤ ያው 8 በመቶ። ብዙ ዳታ ያለው ቀበሌ ንቅንቅ አላለም፤ ጥቂት ያለው ግን ወደ መሐል ተሳበ። ኤክሴል ላይ ቤታ-ኢንቭ (BETA.INV) በሚባለው ፎርሙላ 0.025፣ 7 እና 55 አስገቢ፤ ከዚያ 0.975 አድርገሽ ድገሚ። የትንሹ ቀበሌ ትክክለኛ መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ገደማ መሐል የትም ሊሆን እንደሚችል ታያለሽ። በዚህ ስፋት ላይ ቆሞ ቀበሌ የሚዘጋ ኃላፊ አይኖርም።

«50ውን ከየት አመጣሽው?» መባልሽ አይቀርም፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። የሚመጣው ቀበሌዎቹ እርስ በርስ ከሚለያዩበት መጠን ነው። ከተመሳሰሉ ቁጥሩ ይተልቃል፣ ከተራራቁ ያንሳል። ባለብዙ ደረጃ ሞዴል፣ ማለትም እያንዳንዱን ቀበሌ ለብቻውም ሁሉንም አንድ ላይም የሚያይ ሞዴል፣ ይህን ከዳታው ራሱ ያወጣዋል። እስከዚያው ግን 50ውን በ20 እና በ100 ቀይረሽ ውሳኔው ይለወጥ እንደሆነ አሳያቸው። ከተለወጠ ደፍረሽ ተናገሪ፤ ይህን የሚደብቅ ባለሙያ ቆይቶ ተቋሙን ያስከፍላል።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ዝርዝር አልነገርሽንም፤ ጠንቃቃ ጠያቂ ግን በእሱ በኩል ሊመጣብሽ ስለሚችል ሦስት ነገር አረጋግጪ። መቼም 384 የሚለውን የተለመደ የናሙና መጠን ታውቂዋለሽ፤ 10 በመቶ መልስ ለማይሰጡ ተጨምሮ 422 የሚሆነው። ቀመሩ የሚሠራው ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ሲመረጡ ነው። ቀበሌ መርጠሽ ከየቀበሌው 25 ቤተሰብ ከወሰድሽና የአንድ ቀበሌ ሰዎች መመሳሰል 0.1 ከሆነ፣ የዲዛይኑ ተጽዕኖ፣ ማለትም ናሙናው በቀበሌ በመወሰዱ መረጃው የሚሳሳበት መጠን፣ 1 ሲደመር 24 በ0.1፣ ማለትም 3.4 ነው። 384 ሰዎችሽ የ113 ሰው ያህል ብቻ ይመሰክራሉ። ቤይዥያን ሞዴልም ቢሆን ቀበሌውን እንደ ደረጃ ካላስገባሽበት ከዚህ አያድንሽም። ሁለተኛው ኦድስ ሬሾ ነው፤ የመሆን ዕድል ላለመሆን ዕድል ሲካፈል የሚወጣውን በሁለት ቡድኖች መካከል የሚያወዳድር ቁጥር። በአንዱ ቡድን 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ከሆነ ኦድስ ሬሾው 2.25 ይወጣል፤ በእውነት ግን የሚበልጠው 1.5 ጊዜ ነው። «2.25 ጊዜ ይበልጣል» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ ስትጠየቂ ስሕተቱን ቀድመሽ አንቺው ንገሪያቸው። ሦስተኛው፣ 20 ተለዋዋጮች ሞክሮ ፒ-ቫልዩአቸው (ውጤቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችልበት መጠን) ከ0.05 በታች የሆኑትን መልቀም ነው። አንዱም ተጽዕኖ ባይኖረው እንኳ፣ እርስ በርስ ካልተያያዙ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ነው።

አሁን የሚያስቀጥርሽን ነገር እንሥራ። ከአካባቢሽ አንድ ጥያቄ ምረጪና ከጥያቄው እስከ ውሳኔው ድረስ በሁለት ገጽ ጨርሺው። መንዝ ተወልደሽ የበልግን ጉዳይ ማንም አይቀድምሽም፦ በሚቀጥለው ዓመት በልግ የመክሸፍ ዕድሉ ስንት ነው? ገበሬውስ የበልግ ገብስ ቢዘራ ያዋጣዋል? ለዝናቡ ቺርፕስ የሚባለው ከሳተላይትና ከጣቢያ መዝገብ የተቀናበረ ዳታ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በነጻ ይወርዳል፤ አንዱ ካሬ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመሐል ሜዳ አካባቢ ይሆናል። ለጣርማበር ግን ተጠንቀቂ፤ ገደሉ በጣም ቁልቁል ስለሆነ አንዱ ካሬ ደጋውንም ቆላውንም አንድ ላይ ያማክላል።

አባቶችን ስትጠይቂ «ዕድሉ ስንት በመቶ ነው?» አትበያቸው። «ከ10 ዓመት በስንቱ በልግ ይከሽፋል?» በያቸው። 3 ካሉሽ ፕራየርሽ 3 ለ7 ነው ብለሽ ልትቸኩይ ትችያለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። አባቶች ያዩዋቸው 10 ዓመታት ቺርፕስም ያያቸው ናቸው፤ ሁለቱን ከደመርሽ አንዱን ዓመት ሁለቴ ቆጠርሽ። ከአባቶች የሚወሰደው ሳተላይቱ የማያውቀው ነው፦ የትኛው ዓመት በእርግጥ ከሸፈ፣ ዝናቡ ቢዘገይም እህል የተገኘው መቼ ነው፣ ዘር ሳይበላሽ የሚቆየው እስከ መቼ ነው። በዚህ ምስክርነት «ከሸፈ» የሚባለውን የዝናብ መጠን ወስኚ።

ከ44 ዓመት 11ዱ ከሸፉ ብለን እናስላ። ለዘብተኛ በሆነ 1 ለ1 ፕራየር፣ ማለትም አንድ የከሸፈና አንድ የሰመረ ዓመት ብቻ ሲጨመር፣ 12 ከ46፣ 26 በመቶ፤ ትክክለኛው ዕድል ከ15 እስከ 39 በመቶ ገደማ መሐል ሊሆን ይችላል። አሁን ወደ ብር ቀይሪው። ለዘርና ለጉልበት 10,000 ብር የሚያወጣ ገበሬ፣ በልጉ ሲሰምር ቢያንስ 13,500 ብር ካላገኘበት በአማካይ አያዋጣውም። የመክሸፍ ዕድሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ 16,400 ብር ያስፈልገዋል። ቀጣሪው የሚያነበው ይህን አንቀጽ ነው፤ ፊት ገጽ ላይ አስቀምጪው። ዓመታቱን ለሁለት ከፍለሽ የፊተኛውና የኋለኛው ግማሽ መለያየታቸውንም እዪ፤ ከተለያዩ 44ቱን አንድ ላይ መቁጠር አይገባም።

የመስክ ወይም የቢሮ ዳታ ከያዝሽ ከሞዴሉ በፊት ቀኖቹ ላይ ሁለት ቀን አጥፊ። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/02 ተብሎ ሲገባ ኤክሴል በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን የሚባል ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜ 3 ደግሞ 3/13 ተብሎ ከተጻፈ፣ ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ማርች 13 ሆኖ ያርፋል፤ ስሕተት መኖሩን የሚነግርሽ የለም። በጥማድ የተነገረ መሬት ወደ ግማሽና ወደ ሙሉ ይጠጋጋል፤ በዚህ ግምት ላይ ሪግሬሽን ስትሠሪ ተዳፋቱ፣ ማለትም የሚታየው ዝምድና፣ ወደ ዜሮ ሊሳብ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ባዶ ሳጥን ነው። ሪፖርት ያላመጣ ቀበሌ በሽታ የሌለበት ቀበሌ አይደለም። አንዳንድ ቅጽ ሁለቱንም 0 ብሎ ስለሚመዘግብ፣ ጸሐፊውን ሳትጠይቂ አንዱንም 0 አትመኚ።

ለሶፍትዌር፣ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ብርምስ የሚባለው ፓኬጅ ይበቃሻል፤ ከሥር ሆኖ ስሌቱን የሚሠራው ስታን የሚባል ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ አርቱልስ የሚባለውን ረዳት ፕሮግራም መጫን ስለሚፈልግ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆነሽ ጨርሺው። ተለዋዋጮቹን ወደ ተመሳሳይ ሚዛን ሳታመጪ አታስጀምሪ። ስሌቱን ከተለያየ መነሻ በ4 ሰንሰለት አሂጂ፤ የሰንሰለቶቹን መስማማት የሚለካው አር-ሃት ከ1.01 ካለፈ ወይም ውጤታማ ናሙናው (ድግግሞሹ ተቀንሶ የቀረው የናሙና ብዛት) ከ400 ካነሰ ውጤቱን ለማንም አታሳዪ። ስለ ዳይቨርጀንስ፣ ማለትም ስሌቱ መንገድ ስለ መሳቱ፣ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ከወጣም ሞዴሉ የሆነ ጥግ መድረስ አቅቶታል ማለት ነው፤ ናሙና በማብዛት አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ራሱ እንደገና መጻፍ አለበት። ዳታውን ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ ፕራየሩ ብቻውን ምን እንደሚያመርት እዪ፤ በሄክታር 300 ኩንታል ገብስ ካወጣልሽ የመንዝን መሬት አልነገርሽውም።

ማሽን ለርኒንጉን ተማሪው፤ ግን ያለሽን ጥለሽ አይሁን። እዚያ የምታገኚው ሪጅ ሪግሬሽን የሚባለው ዘዴ ለኮፊሸንቶቹ ዜሮ ላይ ያረፈ ኖርማል ፕራየር መስጠት ነው፤ ግማሹን ታውቂዋለሽ። ከማሽን ለርኒንጉ ይልቅ ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ አስቀድሚ፤ ባንክም ሆነ ፋብሪካ ዳታው የሚገኘው እዚያ ነው። ማመልከቻ ስታስገቢም ደብረ ብርሃን ላይ አትወሰኚ፤ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ፣ ከሆስፒታሉና ከፋብሪካዎቹ የጥራት ቁጥጥር ክፍሎች ጋር የአዲስ አበባዎቹንም ጨምሪ፤ ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሲቪሽ ላይ «ቤይዥያን ዘዴ አውቃለሁ» የሚለውን አውጪና የበልጉን ሥራ በአንድ መስመር ተኪበት።

ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ሁለቱን ገጽ አትመሽ ያዢ። «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ሲሉሽ አንቺም በትሕትና ጠይቂያቸው፦ «በዚህ ዓመት ጥቂት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ መወሰን የከበዳችሁ ነገር ምንድን ነው?» የሚነግሩሽን ጻፊ፤ እንደ ቀበሌዎቹ ምሳሌ የቀደመውን ልምዳቸውን ከራሳቸው አፍ በቁጥር ተቀበይና እዚያው ፊታቸው በእስክሪብቶ ደምሪው።