በትምህርት ቤት አዳራሽ ለሚታይ ድራማ መድረኩን የት እንትከል?

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ኃላፊ የሆኑ መምህርት እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል። «አዳራሻችን 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስም የለውም። በአንዱ ጫፍ 1 ሜትር ከፍታና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው የሲሚንቶ መድረክ አለ። አምና ተማሪዎቻችን ያቀረቡት ድራማ ከኋላ ለተቀመጡት አልተሰማም፤ ለመድረኩ የሠራነው የቺፑድ ግድግዳም በትዕይንቱ መሃል ተንገዳግዶ ሊወድቅ ነበር። ዘንድሮ በግንቦት የምናሳየው ተውኔት በገበሬ ቤት፣ በገበያና ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር የሚካሄድ ሲሆን፣ በጀታችን አነስተኛ ነው። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ግድግዳውን ለጊዜው እናቆየውና ከድምፁ እንጀምር። የኋላዎቹ ያልሰሙት ተማሪዎችዎ ስላልጮኹ ሳይሆን ተመልካቹ ከእነሱ እጅግ ርቆ ስለተቀመጠ ነው። በሲሚንቶው መድረክ መሃል የቆመ ልጅ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር 18 ሜትር ያህል ይርቃል። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (በድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይቀንሳል፤ በእርስዎ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከተዋናዩ አፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ እየደከመ ሲሄድ፣ ከሲሚንቶውና ከቆርቆሮው የሚነጥረው ማሚቶ ያይልበትና ቃላቱ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ልጁ እንዲጮኽ ሲታዘዝ ማሚቶውም አብሮት ይጮኻል። ድምፁን በዓመታት ልምምድ ያጎለመሰ ተዋናይ ይህን ርቀት ይወጣዋል፤ የ16 ዓመት ተማሪ ግን ጉሮሮውን ያቆስላል፣ በለሆሳስ መነገር የነበረበትን ቃልም በጩኸት ይናገረዋል። የተማሪ ድራማ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በልጆቹ ይሳበባል፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ምን ያህል ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ ወዴት እንዲዞርና የት እንዲቆም አስቀድሞ የሚወስንለት የተሰጠው ቦታ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ የሲሚንቶውን መድረክ ለትወና አይጠቀሙበት። መጫወቻውን ከረጅሞቹ ግድግዳዎች በአንዱ መሃል ላይ ያድርጉትና በሠርግ ዳስ ውስጥ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ፊት ለፊቱን ለጨፋሪው እንደሚለቅ ሁሉ፣ ተመልካቹን ከፊት፣ ከቀኝና ከግራ ያስቀምጡት። በዚህ አቀማመጥ እጅግ የራቀው ጥግ እንኳ ከመጫወቻው መሃል ከ12 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከ8 ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሆናል። በቀኝና በግራ ከተዋናዮቹ ጀርባ በኩል የሚውለው ጠባብ ቦታ ለመቀመጫ ስለማይሆን የተወሰኑ አግዳሚዎች ይጎድሉብዎታል። እኔ በበኩሌ ሁሉንም በአንድ ቀን አጨናንቆ ከማሳየት ይልቅ ድራማውን ሁለት ጊዜ ማሳየትን እመርጣለሁ። የሲሚንቶው መድረክም ሥራ አይፈታም፤ አግዳሚ ወንበር ቢደረደርበት ከፍ ያለ መቀመጫ ይሆናል። ወንበሮቹ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ይራቁ፤ በጠርዙም ላይ አንድ ጠንካራ አጣና በአግድም ይታሰር። ወደ በሮቹ የሚወስደው መተላለፊያ ግን ምንም ያህል ሰው ቢበዛ ከ1.20 ሜትር እንዳይጠብ።

ከሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች የትኛውን እንደሚመርጡ መስኮቶቹ ይወስናሉ። ከተዋናዩ ጀርባ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ካለ ተመልካቹ የሚያየው ጥቁር ጥላ እንጂ ፊት አይደለም። ስለዚህ ከመጫወቻው ጀርባ ያሉትን መስኮቶች በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ከተመልካቹ በስተጀርባ ያሉትን ይክፈቱ። ትርኢቱን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ካደረጉት ፀሐይ የምትገባበት የምሥራቅ መስኮት ከተመልካቹ ጀርባ ቢሆን መልካም ነው፤ የቀን ብርሃን የተዋናዩን ፊት ያበራል፣ ፓውዛም ላያስፈልግዎ ይችላል። ጠዋትን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የግንቦት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የማንም ድምፅ አይሰማም። የግድ ፓውዛ ከተጠቀሙ፣ 10 አምፔር የሆነ ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ ባለ 500 ዋት አምፖል አራት ከተሰካበት ሌላ ምንም አይጨመርበት።

ስለ ወለሉ። ሰው በወለል ላይ ሲቀመጥ ወይም ሲንበረከክ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለው ተመልካች አያየውም፤ የገበሬ ቤት ትዕይንት ደግሞ መቀመጥ ይበዛበታል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ አራት ሉህ ጎን ለጎን ቢገጠም 4.88 በ2.44 ሜትር የሆነ መድረክ ይሰጥዎታል። ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ፊት የተቀመጡት አንገታቸው ይደክማል፣ ልጆቹም ከተመልካቹ ይለያሉ። ከሥሩ ሞራሌ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይደርደር፤ እግሮቹ በሰያፍ እንጨት ይያያዙ፤ የሚጋጠሙትም በሚስማር ሳይሆን በቪቴና በብሎን ይሁን፤ ለከርሞ ፈትተው ያስቀምጡታልና። ከኮምፔንሳቶው ሥር አሮጌ ጆንያ ካልተወጠረበት እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ከበሮ ይደልቃል። የፊት ረድፍ ተመልካቾች በሰሌን ላይ፣ ቀጥሎ ያሉት በአግዳሚ፣ የመጨረሻዎቹ በከፍተኛ ወንበር ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን አይጋርደውም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። ከሦስት ወገን ለሚያይ ተመልካች የጎን ግድግዳ አይሠራም፤ እይታ ከመከለል በቀር ጥቅም የለውም። ከኋላ አንድ ብቻ፣ ቁመቱ 2.40 ሜትር የሆነ በቂ ነው። የአምናው የተንገዳገደው ክብደቱ ስላነሰ ሳይሆን ከኋላው ስላልተደገፈ ይመስለኛል። ከግድግዳው ቁመት ከሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ከ1.60 ሜትር ገደማ፣ ደጋፊ እንጨት ወደ ኋላ ይውረድና ከግድግዳው እግር 1 ሜትር ርቆ መሬት ይንካ፤ እግሩም ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ይጫንበት። በየ1.20 ሜትሩ አንድ ደጋፊ ይበቃል። ከበስተኋላው ለልጆቹ መተላለፊያ 1.50 ሜትር ይተው። በሩ ከግድግዳው ጋር ከተያያዘ በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው በሙሉ ይንቀጠቀጣልና፣ መቃኑ የራሱ እግርና የራሱ ደጋፊ ኖሮት ለብቻው ይቁም። ገንዘብ ካለዎት በዚህ በር ላይ ያውጡት። ደፈር ብሎ የሚገባ ባለቤትና በመቃኑ ላይ ተደግፎ የሚቆም እንግዳ ማንነታቸውን በበሩ ያሳያሉ፤ ያለ በር ግን ልጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ብቅ ይላሉ።

ለግድግዳው ልባስ ቺፑድ አይግዙ፤ ከባድ ነው። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው የአዊ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ከተጠለፈ ቀላልና ርካሽ ግድግዳ ይሆናል። ቀዳዳው ድምፅ ስለሚያሳልፍ ግን ከበስተኋላው አቡጀዴ ተወጥሮበት ኮላና ጄሶ ይቀባ፤ ሲደርቅ ይጠነክርና የልጆቹን ድምፅ ወደ ተመልካቹ ይመልሳል። ከተመልካቹ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በተቃራኒው፣ መስኮቶቹን ሳይሸፍኑ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ያገኙትን ወፍራም ጨርቅ ሁሉ ይስቀሉ፤ ማሚቶውን ይውጠዋል። ቀርከሃና ጨርቅ ቶሎ ስለሚነድ ሻማም ሆነ እሳት በመድረኩ ላይ አይብራ፤ ፓውዛም ከ1 ሜትር በላይ ይራቅ።

ሦስቱን ስፍራዎች ለየብቻ አይገንቡ። መጋረጃ እየተዘጋ ዕቃ ሲለዋወጥ ተመልካቹ ወሬ ይጀምራል፣ ልጆቹም የያዙትን ስሜት ይጥላሉ። 1.50 በ0.50 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጠንካራ መደብ ያሠሩ። ቆዳ ሲነጠፍበት የቤት መደብ፣ እህልና በርበሬ ሲቀመጥበት የገበያ መደርደሪያ፣ ባዶውን ሲቀር የሽማግሌዎች መቀመጫ ይሆናል። ለዛፉም ግንድ ብቻ ይበቃል፤ ቅጠል ከወረቀት መቁረጥ ድካም ነው፣ ከሩቅም አያምርም። ለውጡን ተዋናዮቹ ራሳቸው በተመልካቹ ፊት ያድርጉት፤ ገበያተኛዋ በርበሬዋን እያፈሰሰች ስትገባ ገበያው ያን ጊዜ ይጀመራል።

የመድረኩን ልክ ዛሬውኑ በክፍል ወለል ላይ በጠመኔ ያስምሩ፤ ልምምዱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ መስመር ውስጥ ይሁን፤ በሩም በሚቆምበት ቦታ ሁለት ወንበር ይቁም። አዳራሹ ሲገኝ ደግሞ በእያንዳንዱ ልምምድ ተውኔቱን ያላነበበ አንድ ተማሪ በሩቁ ጥግ ይቀመጥና ቃል ባመለጠው ቁጥር እጁን ያንሳ። እጁ ሲነሳ የሚናገረውን ልጅ እንዲጮኽ አይዘዙት፤ በመጀመሪያ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ይመልከቱና የቆመበትን ቦታ ይቀይሩለት።