በፍርድ የሄደች በቅሎ

ሕግ ለመማር ለምታስቡ፣ አስባችሁም ለተዋችሁ ልጆች፤

ባለፈው ወር የወዳጄ ልጅ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ላመለክት ነበር፤ ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች እንደፈለጉ የሚወስኑት ከሆነ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ቡናው እየተቀዳ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላትም። ይህ ደብዳቤ ያን ቀን ያልሰጠኋት መልስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አባቴ ለአንዲት ቁራሽ መሬት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዕድሜው ያለቀ ሰው ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይል ነበር፤ በፍርድ የተነጠቀ ሰው ቢያንስ አንጀቱ አያርም ማለቱ ነው። አሜሪካ መጥቼ፣ ቀን ፓርኪንግ እየሠራሁ ማታ ሕግ ስማር ይህ ተረት ከበደኝ። የጥቁር አሜሪካውያን በቅሎ የሄደችው በፍርድ ነዋ! ማኅተም ባረፈበት፣ ባማረ እንግሊዝኛ በተጻፈ ፍርድ።

ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፍርድ ቤቱ ወግ አጥባቂ ሆነ» ስትሉ እሰማለሁ። መቼ ነው ያልነበረው? እናንተ ለመብት ስለቆመ የምታደንቁት የዋና ዳኛ ኤርል ዋረን ዘመን ከ1953 እስከ 1969 ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ባለው ታሪክ ውስጥ ያ ነው ያልተለመደው። ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ያለውን የድሬድ ስኮትን የ1857 ፍርድ ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው፤ ያኔ ሕጉ ጥሩ ነበርና። ባርነትን የሻሩት፣ ዜግነትንና የመምረጥ መብትን ለጥቁሮች የሰጡት 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸድቀው ነበር። ኮንግረስም በ1875 ሆቴል፣ ቲያትርና ባቡር ለጥቁሮች እንዳይከለከል ደነገገ። በ1883 ፍርድ ቤቱ ያንን አዋጅ ስምንት ለአንድ ጣለው። ዳኛ ብራድሌይ የጻፉት ምክንያት ዛሬም ጆሮ ላይ ያቃጭላል፦ ከባርነት የወጣ ሰው «የሕግ ልዩ ተወዳጅ» መሆኑ የሚያበቃበት ጊዜ መድረስ አለበት አሉ። ባርነት ከቀረ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት የማታውቁት የ1903 ጉዳይ ነው። አላባማ በ1901 ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ ጥቁር መራጮችን ከመዝገብ የሚያስወጣ ዘዴ አበጀች። ጃክሰን ጋይልስ የሚባል የሞንትጎመሪ ነዋሪ ለራሱና እንደሱ ላሉ ከአምስት ሺህ በላይ ጥቁሮች ከሰሰ። ጠበቃው ዊልፎርድ ስሚዝ ጥቁር ነበር፤ ወጪውን በምስጢር ይሸፍኑ የነበሩት ደግሞ በአደባባይ ለስላሳ ይመስሉ የነበሩት የጥቁሮች መሪ ቡከር ዋሽንግተን ናቸው። ዳኛ ሆምስ ምን አሉ? ምዝገባው በሙሉ ማጭበርበሪያ ነው ካልክ፣ አንተን እዚያው ላይ ብንጨምርህ እኛም ተባባሪ መሆናችን ነው፤ የነጩ ሕዝብ ብዛት ካልፈቀደ ስምህን ወረቀት ላይ መጻፍ ምንም አይፈይድም፤ መፍትሔውን ከክልልህ ሕዝብና መንግሥት ፈልግ። ድምፁን የተቀማ ሰው ድምፁን ለማስመለስ ወደ ምርጫ ሂድ ተባለ! ሆምስ እኮ በታሪክ ከወግ አጥባቂዎቹ ጎራ የሚቆጠሩ ዳኛ እንኳ አይደሉም።

ታዲያ ምን ላድርግ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የተሸናፊዎቹን ጽሑፍ አንብቡ። በ1896 በፕሌሲ ጉዳይ ባቡር ላይ ዘር መለየት ሲፈቀድ የተቃወሙት ዳኛ ሃርላን ብቻ ነበሩ። «ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም» ብለው የጻፉትን፣ በ2023 ዩኒቨርሲቲዎች በቅበላ ዘርን እንዳያዩ ሲወሰን፣ አሸናፊዎቹም ተሸናፊዎቹም የእኔ ነው እያሉ ተከራከሩበት። ግን ሃርላንን ጻድቅ አታድርጓቸው። የኬንታኪ ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነበሩ፤ በዚያው በፕሌሲ ጽሑፋቸው ቻይናውያንን አንቋሸዋል። በ1898 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው የቻይናውያን ልጅ ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ሲባል ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ወላጆቻችሁ ገና ወረቀት ሲጠብቁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የተወለዳችሁ ልጆች፣ ፓስፖርታችሁ የቆመው በዚያ ፍርድ ላይ ነው። በጥር 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እሱኑ ለማጥበብ ሲነሳ፣ ያለቀ ነገር እንደሌለ ሁላችንም አየን።

ሁለተኛው ነገር ከደጃችን ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ክትፎ ከምትበሉበት ከ9ኛው ጎዳና ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በእግር ይደረሳል። እዚያ ሕግ ትምህርት ቤቱን የመሩት ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን፣ ፍርድ ቤቱ እንደማይወዳቸው እያወቁ ሥራቸውን በቅደም ተከተል አሰናዱት። ካሜራ ይዘው ደቡብ ወርደው የጥቁር ልጆችን ትምህርት ቤቶች ቀረጹ። ክሱን ግን በሕፃናት አልጀመሩም፤ ከሕግ ትምህርት ቤቶች ነው የተነሱት። ዳኛ ሕግ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ያውቃላ! ሜሪላንድን በ1936፣ ሚዙሪን በ1938 ረቱ። ሂውስተን በ1950 ሞቱ፤ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት የተሻረበትን የ1954ቱን የብራውን ፍርድ አላዩትም። በዚያ ችሎት የቆመው ተማሪያቸው ተርጉድ ማርሻል ነው።

ሦስተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ሆቴል የምትሠራ አንዲት እናት፣ ከእሷ ጋር እኩል የሚሠሩ ወንዶች ለዓመታት የበለጠ ይከፈላቸው እንደነበር በአጋጣሚ አወቀች። ጉዳይዋን ይዤ ሳለሁ በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደሷ ከወንዶች ያነሰ ይከፈላት በነበረችው በሊሊ ሌድቤተር ጉዳይ አምስት ለአራት ወሰነ፦ ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ የሚቆጠረው አሠሪው ደሞዙን አሳንሶ ከወሰነበት ቀን ነው፤ ሠራተኛዋ አለማወቋ አያድናትም። ኮሪደር ላይ ስነግራት «የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ልክሰስ ኖሯል?» አለችኝ። ዳኛ ጊንስበርግ ከችሎቱ ጮክ ብለው ያነበቡት ተቃውሞም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ኮንግረስ ያስተካክለው ብለውም ነበር። እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ እንድትተወው መከርኳትና መዝገቡን ዘጋነው። በጥር 2009 ኮንግረስ ፍርዱን በአዋጅ ሻረው፤ ኦባማ መጀመሪያ የፈረሙት ሕግ ያ ነው። አዋጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳይዘጉ ለቆዩ ክሶችም ይሠራ ነበር። የእሷ ግን ተዘግቷል፤ እሷም ሥራውን ትታ ሌላ ስቴት ሄዳ ነበር። እስካሁን ስልኳን ይዤዋለሁ፤ አልደወልኩላትም።

ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ዜና ብቻ አትከታተሉ፤ የስቴታችሁን ምክር ቤት፣ የካውንቲውን የምርጫ ቦርድ ስብሰባ እወቁ። በ2013 በሼልቢ ጉዳይ የድምፅ መብት ሕጉ ዋና መቆጣጠሪያ፣ አንዳንድ ስቴቶች የምርጫ ሕጋቸውን ከመቀየራቸው በፊት የፌዴራል ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያስገድደው፣ ሲነሳ፣ ቴክሳስ ታግዶባት የነበረውን የመራጭ መታወቂያ ሕግ እተገብራለሁ ያለችው በዚያው ቀን ነው። ዝግጅት ማለት እንደዚያ ነው፤ በሌላው ወገን ሆኖ ያየሁት ቢሆንም። ወግ አጥባቂ ዳኞችንም አትሳደቡ። ከአድናቂዎቻቸው በላይ አንብቧቸው፤ ክርክራችሁን የምታቀርቡት እነሱ ፊት ነው።

ልጅቷን የማመልከቻ ጽሑፍሽን ላኪልኝና ልየው ብያታለሁ። ስለ ጋይልስ አንድ አንቀጽ እንድታስገባም ነግሬያታለሁ። እስካሁን አልላከችም።