ግማሹን የሚጋርደው መስታወት አልተሰበረም

እህቴ፣ መጀመሪያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሣጥናቸው የወጣው የናስ ዕቃ አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ አራት ማዕዘን ቱቦ አለው። ጎኑ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ግማሽ ክብ አለ፤ ከላይ ደግሞ ፈሳሽና አረፋ የያዘች ትንሽ ብርጭቆ። በቀዳዳው ሲያዩበት ምንም አያጎላም፣ ግማሹም በተሰበረ መስታወት ተጋርዷል ብለሻል። አንዱ የመነጽር ቁራጭ ነው አለሽ፣ ሌላው የወርቅ መፈለጊያ።

እኔ መልሱን ያገኘሁት "ተሰበረ" ባልሽው መስታወት ላይ ነው። ሲሠራም ግማሹን ብቻ እንዲሸፍን ተደርጎ ነው። ዕቃው አብኒ ሌቭል ይባላል። የቀያሾች ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይለካል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከሠራው እንግሊዛዊ የጦር መሐንዲስ ከዊሊያም አብኒ ነው።

ስለ መስታወቱ እርግጠኛ የሆንኩት አንድ ጊዜ ሰብሬ ስለማውቅ ነው። ከቀያሾች ጋር ሥራ ስጀምር ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እርከን የሚሠራበት ተራራ ላይ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ይህን ዕቃ አስያዙኝ። በቀዳዳው አየሁ። ግማሹ ሜዳው፣ ግማሹ ሰማይና ብልጭታ። መስታወቱ ከቦታው የተንሸራተተ መሰለኝና ላስተካክለው ብዬ በሽቦ ገፋሁት። ቀጭን ድምፅ አሰማና ተሰነጠቀ። ሰውየው አልተቆጡኝም። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ብርሃኑ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው የማያ ዕቃ እጄ ሲገባ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ብርሃኑ የት ይሄዳል? የሚንቀሳቀሰውስ የቱ ነው?

ያንቺን በዚህ እንየው። ከአረፋው ሥር ቱቦው ክፍት ነው። ብርሃኑ በዚያ ገብቶ መስታወቱ ላይ ያርፋል። መስታወቱ 45 ዲግሪ ስላጋደለ የአረፋውን ምስል ወደ ዓይንሽ ይመልሰዋል። በክፍቱ ግማሽ ደግሞ ከፊትሽ ያለውን ታያለሽ። አረፋውና ዳገቱ ጎን ለጎን ይታያሉ ማለት ነው። መሃል ላይ አንድ ቀጭን አግድም ሽቦ አለ። በቁመት የሚተካከልሽን ሰው ዳገቱ ላይ አቁሚና ሽቦውን ዓይኑ ላይ አድርጊው። ከዚያ ትንሿን ማዞሪያ አዙሪ። የአረፋው ምስል ሽቦው ላይ መሃል ለመሃል ሲያርፍ ግማሽ ክቡ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። የዳገቱ ዲግሪ እሱ ነው። የግንበኛ ውሃ ልክ ላይ ዓይንና ዲግሪ እንደተጨመረበት አድርገሽ አስቢው። ለዚህ ሥራ ማጉላት አያስፈልግም።

የመርከበኞች ሴክስታንት ነው ያለሽም ሰው አለ፤ ፀሐይና ኮከብ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳሉ የሚለካው ዕቃ። የባሕሩ ሴክስታንት ሁለት መስታወት አለው፤ አረፋ ግን አያስፈልገውም፤ የሚነሣው ከአድማሱ ነው።

አባትሽ በወጣትነታቸው ጢስ ዓባይ አካባቢ ከመሐንዲሶች ጋር ሠርተዋል ማለትሽ ከዚህ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ አጥንተዋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያን ሁሉ ገደልና ሸለቆ በእግራቸው የለኩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ማስቀመጫም አይፈልግም።

አሁንም በትክክል ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው፤ ጣና ደጅሽ ነው። ጥርት ባለ ጠዋት ወደ ዳር ውረጂ። ደሴቶቹንና ዘጌን ትተሽ ውሃና ሰማይ ብቻ ወደሚገናኙበት ዙሪ። ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርገሽ ሽቦውን የውሃው መጨረሻ ላይ አሳርፊ። አረፋው ሽቦው ላይ ከተገኘ ዕቃው ደህና ነው። ዳር ላይ ቆመሽ ስታዪ አድማሱ ከዓይንሽ ዝቅ የሚለው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ መሣሪያ ሊያነበው አይችልም።

ከዚያ ስትመለሺ አንዱን የመንገድ ዘንባባ ለኪ። ሜዳው ላይ ወደ ኋላ እየራቅሽ ሂጂና ጫፉ 45 ዲግሪ ላይ ሲመጣ ቁሚ። እስከ ግንዱ ያለውን ርቀት በሜትር ለኪና ከመሬት እስከ ዓይንሽ ያለውን ደምሪበት። የዛፉ ቁመት ያ ነው። የደን ባለሙያዎችም በዚሁ ዕቃ ዛፍ ይለኩበታል።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። አንድ ደላላ ብርጭቆው ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ሰብረን እንሽጠው ብሎሻል። እባክሽ እንዳትሰሚው። ሜርኩሪ እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ ብርሃንም አያሳልፍም። ያንቺው ውስጡ ይታያል፣ አረፋውም ይንሸራሸራል። ውስጡ ያለው አልኮል ወይም የመሰለው ፈሳሽ ነው። ከተሰበረ ዕቃው አለቀለት።

በሎሚና በአመድም አትፈትጊው፤ ናሱ ያበራል፣ ጥቃቅኖቹ መስመሮች ግን ይጠፋሉ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ጥረጊለት። ሣጥኑንም አብረሽ አስቀምጪ። ግማሽ ክቡ ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ የተቀረጸ ስም ካለ ደግሞ በስልክሽ ቀርበሽ አንሺና ላኪልኝ።