ዶቨር ላይ መኪና ይዞ መርከብ መግባት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለንደን ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን በራሳችን መኪና፣ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ልንሻገር ነው። ባለቤቴ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የባለቤትህን ነገር ጨርስ። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራትም የሸንገን ቪዛ (ፈረንሳይን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው) ያስፈልጋታል። የፈረንሳይ ፖሊሶች ፓስፖርት የሚያዩት እዚያው የእንግሊዝ ወደብ ዶቨር ላይ፣ መርከቡ ውስጥ ሳትገቡ ስለሆነ፣ ቪዛ ከሌላት የፈረንሳይዋን ወደብ ካሌን ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

ባሕሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መኪናው ታች ይቆለፍበታል፣ እናንተ ላይ ትወጣላችሁ፣ መሀል ላይ «አንዴ ዕቃ ልውሰድ» ብሎ መውረድ የለም። የልጆቹን ጃኬትና የማቅለሽለሽ መድኃኒት በእጃችሁ ያዙ። እኛ ዳይፐሩን ታች ረስተን ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው።

ስንቅ ከሆነ እንጀራ ያዙ፣ ሽሮውንም በዘይት ሥሩት። ዶሮ ወጥ፣ ቋንጣና ቅቤ ግን ይቅሩ፤ ከእንግሊዝ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው።

መኪናው ላይ የ«ዩኬ» ምልክት ለጥፍ፤ አንጸባራቂ ሰደርያና ባለሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያም አይቅር። ፈረንሳይ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ አዲስ አበባ ነድተህ ከሆነ ቀኝ መያዙ አይጠፋህም። የሚያሳስተው ጠዋት እንቅልፍ ሳይለቅህ ከነዳጅ ማደያ ስትወጣ ነው።