መልሶ የሚይዘኝ ከሆነ ለምን ልዋጠው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 44 ዓመቴ ነው። ዘጌ በኩል ዓሣ አጠምዳለሁ። አምና ሰገራዬ ላይ ደም አይቼ ጤና ጣቢያ ብሄድ ቢልሃርዚያ ነው ተባልኩ። አራት ክኒን በአንዴ ዋጥኩ። ሆዴን ቆረጠኝ፣ አዞረኝ፣ መረብ ሳልጥል ዋልኩ። ዘንድሮም አለብህ አሉኝ። ከውኃው አልወጣ፤ መልሶ ለሚይዘኝ ነገር ለምን የቀን ገቢዬን ልጣ? ሕመሙም ያን ያህል አይደለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአንድ ቀን ዓሣ ለቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴም መረብ ጣይ ነበሩ። እሳቸውም «ነገ ለሚመለስ» እያሉ ክኒኑን ዓመታት ገፉት። አንድ ማለዳ ታንኳቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዶ፣ ሊያደርቁት አቁመው ደንገሉን እንደተደገፉ ደም አስመለሳቸው። ነጭ ጋቢያቸው ላይ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ታንኳ ግን ዳግም አልቀዘፉም።

እርስዎ ያልቆጠሩት ይህን ነው። ዋናው ጉዳት የቢልሃርዚያ ትል ከምትጥለው እንቁላል ነው። ትሏ ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ትኖራለች፣ በየቀኑ ትጥላለች። ከሰገራ ጋር ያልወጣው ጉበት ውስጥ ተቀብሮ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ሲበዛ ደም መንገድ ያጣል፣ የምግብ ቧንቧ ሥሮች ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። እስከዚያ ሕመሙ «ያን ያህል አይደለም»።

ክኒኑ፣ ፕራዚኳንቴል፣ ዳግም ከመያዝ አያድንም፤ ልክ ብለዋል። አሁን ያሉትን ያደጉ ትሎች ግን አብዛኞቹን ይገድላል። ትል ከሌለ እንቁላል የለም። በየጊዜው ሲያጸዱት ጉበትዎ ፋታ ያገኛል። ለዚህ አንድ ቀን ማዞር ብዙ አይመስለኝም። ያቺንም ቀን መምረጥ ይቻላል፦ ጤና ጣቢያውን ያማክሩና እሑድ ይሁንልዎ፣ ምግብ በልተው ይዋጡት።

ሐይቁን ይተዉ አልልዎትም። ግን በቆዳ የሚገባው የትሏ እጭ ውኃ ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ መረቡን በማለዳ ያንሡ። ዳር ላይ፣ ሣር ውስጥ እግር ነክሮ መቆም ይቅር፤ ቀንድ አውጣው የሚበዛው እዚያ ነው። የልጆች ገላ መታጠቢያ ውኃ ተቀድቶ ሁለት ቀን ይደር። ሐይቅ ዳር መጸዳዳት ደግሞ እንቁላሉን ለቀንድ አውጣው መልሶ መስጠት ነው።

አንድ ልለምንዎት፦ ለክኒኑ ሲሄዱ «ጉበቴን በአልትራሳውንድ እንዲያዩልኝ ላኩኝ» ይበሉ። አባቴን ያኔ ማንም አላየላቸውም።