ከሌሊቱ 8 ሰዓት የደረሰኝ መዝሙር

የመዘምራን ልጆቼ፣

አዲሱን መዝሙራችሁን በቴሌግራም ልካችሁ «ሲስተር፣ ይስሙትና ይምከሩን» ብላችኋል። ሰማሁት። ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው ነው የከረምኩት። እግዚአብሔር ቤቴ ነው፣ በእሱ አርፌያለሁ ይላል። ያምራል። ከዜማው በፊት ግን ዓይኔ ያረፈው የተላከበት ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት! ስለ እረፍት የሚዘምሩ ልጆች በዚያ ሰዓት ምን ይሠራሉ? ነርስ ነበርኩና ይቅር በሉኝ። ጡረታ ብወጣም ይህ አመል አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያፈላሁ መዝሙራችሁን ከፈትኩት። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መደማመጥ የለም። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ በር ላይ ቆማ፣ «ውይ! ማን አርፎ ነው?» አለችኝ። መዝሙር መሆኑን ስነግራት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አትፍረዱባት። ቅኝቱ ትዝታ ነው፤ አዝማቹ ደግሞ «አረፍኩ፣ አረፍኩ» እያለ ይመላለሳል። በእኛ ቋንቋ ተማሪ ለእረፍት ይወጣል፣ ሠራተኛ እረፍት ይወስዳል፣ ሰው ሲሞትም አረፈ ይባላል። እኔ ይህን ቃል በሥራዬ ለስንቱ ቤተሰብ እንዳረዳሁ አልቆጠርኩም። ኮሪደር ላይ ፌስታል ይዞ ለሚጠብቅ ልጅ «አባትህ አረፉ» ማለት ምን እንደሆነ የነገራችሁ የለም። ቃሉን አውጡት አልልም፤ እንዲያውም ይቆይ። ስትዘምሩት ግን ከፊታችሁ ሰሞኑን ከሐዘን ድንኳን የተነሣ ሰው እንደማይጠፋ እያሰባችሁ ዘምሩት። እየዘለላችሁ የምትሉት ቃል አይደለም።

ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ ቤት አይመታም። ስለ ቤት እየዘመራችሁ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ጅማ የመጣሁት በምደባ ነው፣ የ22 ዓመት ልጅ ሆኜ። ዘመድ የለኝም፣ ኦሮምኛ አልችልም። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ኪራይ ቤት ቀያየርኩ፤ አንዴ ፈረንጅ አራዳ፣ አንዴ ቆጪ። አንዷ አከራይ መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ታጠፋብኝ ነበር። እረፍት ማለት የራስ ቤት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለዚያ ብዬ የሰው የሌሊት ተራ እየገባሁ፣ ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ እሠራ ጀመር። እንቅልፍ የሰነፍ ነገር መሰለኝ።

አንድ ሌሊት ለ4 ቁጥር አልጋ የታዘዘውን መድኃኒት መርፌ ላይ ሞልቼ 6 ቁጥር ጋ ቆምኩ። የታካሚውን ክንድ ይዣለሁ። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ትልቅ ሴት ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ካርዱን አሳየችኝ። አልጮኸችም። «ሂጂ ትንሽ ጋደም በይ። እኔ እይዘዋለሁ» አለችኝ።

ያን ሌሊት እቃ ክፍል ውስጥ ባዶ ካርቶን ላይ ተኛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ቤቱን በኋላ ሠራሁት፤ አሁን የምኖርበት ነው። እዚያ የገባሁ ቀን ግን የቆርቆሮና የሚስማር ዕዳ ስቆጥር ነው ያነጋሁት።

ስለ እረፍት ሳስብ ዛሬም የሚመጣልኝ የዚያች ሴት ድምፅ ነው። «እኔ እይዘዋለሁ።» ሥራው አልቀረም፤ በሽተኞቹም አልቀነሱም። የያዘልኝ ሰው ግን ነበር። መዝሙራችሁ የተመሠረተበትን የማቴዎስ 11ን ቃል እስቲ ተመልከቱት። ቁጥር 28 ላይ ሸክም የከበደባችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አሳርፋችኋለሁ ይላል። እናንተ እዚያው ላይ አቆማችሁ። ቁጥር 29 ላይ ግን ቀንበሬን ተሸከሙ ይላል! ለደከመ ሰው ቀንበር? እኔ ገበሬ አባት ነው ያሳደገኝ፤ የእኛ አገር ቀንበር ለጥማድ ነው የሚሠራው፣ ለሁለት በሬ። አባቴ ገና ያልለመደውን ወይፈን ከነባሩ በሬ ጋር ነበር የሚጠምደው። ይህን ሳስብ ቁጥር 29 አያስፈራኝም። ሦስተኛ ስንኝ ጨምሩና ይህን አስገቡልኝ።

ከመካከላችሁ ትዝታው ያሳዝናል፣ ወደ ደስ የሚል ቅኝት እንቀይረው ያለ አለ መሰለኝ። አትቀይሩት። መዝሙር 90ን አንብቡ፤ በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 89 ነው። አርእስቱ የሙሴ ጸሎት ይላል። ቁጥር 1 ላይ እግዚአብሔርን መጠጊያ ሆንህልን ይለዋል፤ በአማርኛችን «መጠጊያ» የተባለው በዕብራይስጡ ማደሪያ፣ መኖሪያ ማለት ነው። ይህን የሚለው ማን ነው? ከባሪያ ተወልዶ በፈርዖን ቤት ያደገ፣ ሸሽቶ ምድያም የገባ፣ በሰው አገር ስደተኛ ነኝ ሲል ልጁን ጌርሳም ብሎ የጠራ ሰው። 40 ዓመት በድንኳን ኖሮ፣ የተስፋውን ምድር ከናባው ተራራ ላይ አይቶ፣ ሳይገባባት እዚያው አረፈ። ቤት ያልነበረው ሰው ነው እግዚአብሔርን ቤቴ ያለው። ታዲያ በናፍቆት ቅኝት ቢዘመር ምን ያንሰዋል?

ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን የዩኒቨርሲቲ ልጆች አይታችኋቸዋል? ከየአገሩ የመጡ ናቸው። በዓል ሲሆን ዶርም ውስጥ ስልካቸውን እያዩ ነው የሚውሉት። ቤቴ አንተ ነህ ብለን ዘምረን፣ በራችንን ቆልፈን ወደየቤታችን ስንገባ ምን ይሉን ይሆን? መዝሙሩን ያቀረባችሁ ቀን አምስት ስድስቱን ይዛችሁ እኔ ጋ ለምሳ ኑ። ሽሮ ነው፤ ሥጋ አትጠብቁ።

ስለ እንቅልፍም አንድ ነገር። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቴን ስጠኝ ሲል መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በልቶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ከእናንተ የሚያንሱት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ልምምዱን ከምሽቱ 3 ሰዓት አታሳልፉ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እሱን በተለይ አሳርፉት።

የታረመውን መዝሙር ስትልኩልኝ በቀን ይሁን። ማታ ስልኬን እዘጋለሁ።